ያላሰርኩት ቀይ ክር

በድሬዳዋ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ አያለሁ። ሥራዬ ማየት ብቻ ነው። ጥጡ ከአፋር ይመጣል፤ እኛ ፈትለን እንሸምነዋለን። ጨርቁ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ ጉድለት ካየሁበት ጠርዙ ላይ ቁራጭ ቀይ ክር አስራለሁ። ጥቅሉ ሐዋሳ ሲደርስ ቆራጮቹ ክሩን አይተው ያን ቦታ ይዘሉታል። ከዚያ ሸሚዝ ይሆናል፤ አንገትጌው ላይ የሚሰፋው ምልክትም የእነሱ ነው።

ታናሽ እህቴ ሐዋሳ ሄዳ ጨርቃችን የሚገባበት ፋብሪካ ልብስ ሰፊ ከሆነች ወዲህ ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ጀመር። ለዒድ ለአባታችን ነጭ ሸሚዝ ላከች። አባቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጣል። ሸሚዙን ለብሶ ላለፈ ላገደመ ሁሉ፣ ለሶማሌው በሶማሊኛ፣ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ልጄ የሠራችው ነው ይላል። እኔ ምሳውን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጨርቁ ከእኛ እጅ የወጣ መሆኑን ነገርኩት።

"ጨርቅማ ጨርቅ ነው" አለኝ።

አንጀቴ አረረ። እኔ ስንት ዓመት ዓይኔን ያፈሰስኩበትን ጨርቅ እሷ በመንፈቋ ሰፍታ ስሙን ወሰደችው። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም፤ በገዛ እህቴ ቀናሁ።

በሳምንቱ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ጥቅል ጠረጴዛዬ ላይ ወጣ። ወፍራም ክር ገብቶበት ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል፤ ትንሽ አለፍ ይልና ይደገማል። ቀዩ ክር እጄ ላይ ነበር። ሰፍተው ይፈሩበት ብዬ አሳለፍኩት። የምታፍረው እህቴ መሆኗን አላሰብኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ብዙ ሳይቆይ ሁለተኛ ሸሚዝ መጣ። አባቴ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ለብሶት ወጣ። ወፍራሙ ክር ደረቱን አቋርጦ ያልፋል። እሱ በመዳፉ ዳበሰውና፣ ማሻአላህ፣ ደሞ ጌጥ ጨመሩበት አለ። ወዲያው እህቴ ጋ ደወልኩ።

ከአንድ ጥቅል ብዙ ሸሚዝ እንደተበላሸባቸው ነገረችኝ። የተበላሸውን ለሠራተኛው በርካሽ ሲሸጡት ለአባታችን አንዱን ገዛች። አለቃቸው ጥፋቱ የድሬዎቹ ነው፣ ተቆጣጣሪዋ ተኝታ ነው ብሎ ነበር።

"አንቺስ ምን አልሽው?" አልኳት።

"እህቴ ናት የምታየው፣ ወላሂ እሷ ጉድለት አይታ ክር ሳታስር አታሳልፍም አልኩት። የእኛ ቆራጮች ናቸው ያላዩት ብዬ ከእነሱ ጋር ተጣላሁልሽ። እስካሁን አያናግሩኝም።"

እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ወሰደብኝ። ሸሚዙ ልክክ ማለቱን ነገራት፣ መረቃት። ከዚያ ደረቱን እየዳበሰ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

"ጨርቁን ደግሞ" አላት፣ "እህትሽ ናት ያየችው።"