ኬላው ፊት የተቀመጡ ሴቶች

ገና ኡበር ሳይመጣ፣ ዴንቨር ታክሲ በምነዳበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሃቫና ስትሪት ላይ አንዲት አዛውንት ፒክ አደረግኩ። የአገሬ ሰው መስለውኝ በአማርኛ «እንደምን ዋሉ እናቴ?» አልኳቸው። ቋንቋው አልገባቸውም። አፍሬ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«የቶጎ ሰው ነኝ ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ ጀርመን ገዛን፤ ኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተካፈሉን። የእኔ ቤት ቶጎ ሆነ፣ የእናቴ መንደር ጋና።»

የቶጎና የጋና ድንበር ተዘግቶ ሳለ እናታቸው እንደሞቱ አጫወቱኝ። ዘቦቹ አናሳልፍም አሏቸው። ድንበሩ አጠገብ ባለው ገበያ የሚነግዱ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ሸቀጣቸውን ትተው መጡና አብረዋቸው ኬላው ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ጠመንጃ ቢደገንባቸውም አልተነሱም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ዘብ የአለቃውን ትእዛዝ ጥሶ ኬላውን ከፈተላቸው። እሳቸው እናታቸውን ቀበሩ፤ እሱ ግን ታሰረ።

እኔም አስመራ የቀሩ አክስት አሉኝ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ከተዘጋ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። አዛውንቷ ወደሚሄዱበት ሆስፒታል በር ደረስን።

«ያ ዘብ ምን ሆነ?» አልኳቸው መኪናውን አቁሜ።

እቅፋቸው ውስጥ የነበረውን የምግብ ዕቃ ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ።

«ሲፈታ አገባሁት» አሉኝ። «አሁን ምሳውን ላበላው ነው የመጣሁት።»