የቶይባ ሞተር መሪ

ሙሄ ከሚሴ ውስጥ ሞተር ሳይክል ሲፈታና ሲገጥም ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የእጁ አንጓ ያመዋል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ደንበኛ «ቶሎ አድርስልኝ» ሲለው ደግሞ ጆሮውንም ያመዋል። ድካሙ ተኝተው የሚገላገሉት ዓይነት አይደለም፤ ጠዋት ሲነሳ አብሮት ይነሳል። ያን ሰሞን ግን ከሁሉ ያደከመው የገዛ ልጁ የቶይባ ሞተር ነበር።

ቶይባ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ በጨፋ ሜዳ ከቀበሌ ቀበሌ ትዞራለች። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ጠጠር ላይ ፈጠን ስትል መሪው ግራ ቀኝ መርገፍገፍ ይጀምርና ከእጇ ያመልጣል። ሁለተኛ ስትወድቅ አለቃዋ፣ «መካኒክ መሪው ደህና ነው ብሎ ካልፈረመ ሞተሩ ለሌላ ይሰጣል፤ አንቺ ቢሮ ትቀመጫለሽ» አላት። መሥሪያ ቤቱ የሚያምነው መካኒክ ደግሞ ሙሄ ራሱ ነው። ቢሮ መቀመጥ ለቶይባ እስር ቤት ነው። ለአባቷ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዱዓው ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ቶይባ ታዲያ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ከአዲስ አበባ የመሪ አሞርዛተር አስመጣች። ዘይት የተሞላች፣ ከስንዝር የማትበልጥ ነገር ናት፤ አንዱ ጫፏ ከሞተሩ አካል፣ ሌላው ከመሪው ጋር ይታሰራል። መሪው ድንገት ሲወራጭ ዘይቱ ያዝ ያደርገዋል። አናቷ ላይ ያለችውን ጉጥ ሲያዞሯት «ቀጭ» ባለች ቁጥር መሪው እየከበደ ይሄዳል።

ሙሄ ቢደክመውም አድበስብሶ መሥራት አይሆንለትም። መጀመሪያ የመሪውን ኩሽኔታ ፈትቶ አየ፤ ኩሽኔታው ከላላ አሞርዛተር ቢደረድሩለትም ዋጋ የለውም። ደህና ነው። አሞርዛተሩን ገጠመ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞረ፤ የሚይዘው ነገር የለም። ከዚያ ልጁን ጠየቃት።

«ሰው ትጭኛለሽ?»

«ኧረ የለም፣ አባ። መሥሪያ ቤቱ ይከለክላል እኮ።»

«ማል ጄታ? ምን ትያለሽ? አንድም ቀን?»

«ወላሂ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ብቻዬን ነው የምሄደው» አለች።

ሙሄ መሐላዋን ስትውጥ አይቷል። ግን መጨቃጨቁ ታከተውና አለፈው። ጉጧን አራት ቀጭ አድርጎ ሰደዳት። ጠጠሩ ላይ በርራ ተመለሰች፤ መሪው ጸጥ ብሏል።

ወረቀቱን ሊፈርም እስክርቢቶ ሲፈልግ ጎረቤታቸው ፋጡሜ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ መጣች።

«ቶይባ፣ ጉልበትሽ ተሻለሽ?» አለች። «እኔስ ይኸው ክንዴ ነው። ሙሄ፣ ልጅህ ባትጭነኝ ከሮቢት በእግሬ ነበር የምመጣው። ስንወድቅ እንኳ ራሷን ትታ እኔን ነው ያነሳችው። አላህ ይጠብቅልህ።»

መርቃ ሄደች። ቶይባ መሬት መሬት ታያለች።

«ፊተኛውም ጊዜ ሰው ነበር?» አላት አባቷ።

«ነበር። እጁን ዘርግቶ የቆመን ሰው እንዴት አልፌው ልሂድ? ነውር ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

በዚህ አገር ባዶ ቦታ ይዞ መንገደኛ ማለፍ ነውር ነው፤ ነውሩን ከወተት ጋር ያጠጣት እሱ ነው። ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪው የሚያብደውም ያኔ ነው። አራት ቀጭ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አይበቃም።

አሁን «አይሆንም» ብሎ ቢጽፍ ማን ዋሸህ ይለዋል? ልጁ ከነገ ጀምሮ ወንበር ላይ ናት፣ እሱም እፎይ ይላል። በጣም ተመኘው። ግን ሞተሩን የሚረከበው ሰውም የሰው ልጅ ነው፤ እሱም ፋጡሜን ይጭናል፣ እሱም ይወድቃል።

«ሳጥኑን አምጪ» አለ። ከኋላዋ ወጣና ተሳፋሪ ሁሉ እንደሚያደርገው ሳጥኑን ጭኑ ላይ አቀፈ። «ቢስሚላህ በይ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስትወድቂ በነበረው ፍጥነት ሂጂ።»

ወደ ጨፋ በሚወርደው ጠጠር ላይ መሪው መርገፍገፍ ጀመረ። ሙሄ ብዙ የወደቁ ሞተሮች ጠግኗል፤ መውደቁ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ግን የዚያን ቀን በልጁ ትከሻ በኩል ተሰማው። ፈራ። አስቆማት፣ አንድ ቀጭ ጨመረ፣ እንደገና ሄዱ። እንዲህ አንድ አንድ እየጨመረ ስምንት ቀጭ ሲደርስ፣ አሸዋው ውስጥ ቀስ ሲሉ መሪው ደነደነና ሞተሩ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ጀመር። አንድ መለሰ። ሰባት ቀጭ ላይ ሲፈጥኑም ሲያዘግሙም ቀጥ አለ።

ተመልሰው «መሪው ተስተካክሏል፣ ደህና ነው» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

«አባ፣ ደስ አላለህም?»

«ደክሞኛል።»

«አብሽር፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው» አለችና ሳጥኗን አስራ ወጣች። የጨፋ ከብቶች ይጠብቋታል።

ሙሄ በሩ ላይ ቆሞ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማው። መጥፎ ሠርቶ ያፈረበት ቀን ብዙ ነው፤ ጥሩ ሠርቶ ሲቆጨው ግን የመጀመሪያው ነበር።