«ከእንግዲህ ንግድ ነው» ያለን እንግዳ

«ምን ልሽጥለት?» አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ ዛሬ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ።

የአንድ ኃያል አገር ዲፕሎማት ተፈናቃዮችን ሊያነጋግር መጥቶ እኔ ነበርኩ አስተርጓሚው። «ከእንግዲህ ከአፍሪካ ጋር የምንፈልገው ንግድ እንጂ እርዳታ አይደለም» አለ፣ እየተንቀጠቀጠ። (የደብረ ብርሃን ብርድ ዲፕሎማት አይለይም።)

እትዬ ዘነበች እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ንገርልኝ። ንግድ እኔም እወዳለሁ። ወለጋ ሳለሁ ቡና እሸጥ ነበር። አሁን መሬቱም ቡናውም እዚያው ቀረ። ምን ልሽጥለት?»

አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩለት። ፈገግ ብሎ አንድ ነገር አለኝና አብሯቸው ፎቶ ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ጠንካራ ሴት ናቸው አለ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ለጥያቄዬስ?»

ዞር ስል መኪናው ሄዷል። መኪናው ሳይነሳ ሮጬ ደግሜ ብጠይቀው ኖሮ እያልኩ ይቆጨኛል።

እናንተስ፣ ትልቅ እንግዳ ጠይቃችሁ መልስ ያገኛችሁበት ቀን አለ?