ሻያ እስኪጎድል

ባለፈው ሳምንት ሻያ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ ባሕር ማዶ ባለች እህት ከተማችን ስም ተሰይሞ ተመረቀ። ስሟ ለአፌ አልመች ብሎኛል። "እህት ትባል እንጂ ማን አይቷት" ብል፣ ታናሽ ወንድሜ "እቴቴ፣ ሰው ይሰማሻል" አለኝ። እሱ ምን ያውቃል፤ የዚህን ወንዝ ነገር የማውቀው እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ከሸዋ መጥተን ሮቤ አጠገብ በሰፈርን በሁለተኛው ክረምት ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ጎባ ገበያ ሄዶ ሳለ እናቴን ምጥ ያዛት፤ ንጋት ላይ የጀመራት እስከ ቀትር አልለቀቃትም። የቅርብ አዋላጅ ከወንዙ ማዶ ያለችው አዴ ሐሊማ ብቻ ነበረች፤ አዴ ማለት በኦሮምኛ ወይዘሮ ነው። አባቴ ደግሞ "የማዶ ሰዎች መሬታቸው ላይ ስለሰፈርን ቂም ይዘውብናል፤ ማዶ እንዳትረግጪ" ብሎኛል። መሻገሪያው አንድ የተጋደመ የጽድ ግንድ ነው። የደፈረሰው ውሃ ግንዱን እየላሰው በእንብርክኬ ተሻገርኩ።

አዴ ሐሊማ እኩያዬ የሆነች ሴት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ገብስ ስትቆላ አገኘኋት። በተሰባበረ ኦሮምኛ እናቴ ልትሞት ነው አልኳት። የማን ልጅ እንደሆንኩ አውቃለች፤ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከውሃው ይልቅ ያ አስተያየቷ አስፈራኝ። ከዚያ ገብሱን ከእሳት አውርዳ መቀነቷን ፈታች፤ አንዱን ጫፍ በእኔ ወገብ፣ ሌላውን በራሷ ወገብ አሰረች።

"ኮቱ" አለችኝ፤ ነይ ማለቷ ነው። "ብትወድቂ አብረን ነን።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ይኸው ታናሽ ወንድሜ ተወለደ፤ እናቴም ተረፈች።

በዓመቱ ሻያ ሲሞላ አዴ ሐሊማ ከማዶ ተጣራች። ባል የላትም፤ ወንድ ልጇ ታሟል። አሻግረን በበቅሏችን ጎባ ሐኪም ቤት እንድናደርስላት ነበር ልመናዋ።

"ውሃው ይጉደል" አለ አባቴ።

እኔም መቀነት ነበረኝ። ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ድምፅዋን ላለመስማት ቤት ገብቼ ጆሮዬን ደፈንኩ። ውሃው የጎደለው በሦስተኛው ቀን ነው። ልጁ እስከዚያ አልቆየም። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ማዶ ረግጬ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት የድልድዩ ሪባን ተቆርጦ ሰው ሲተላለፍ ወንድሜ እጄን ያዘኝ። "ምን ያስፈራሻል? ሲሚንቶ እኮ ነው።"

በወዲያኛው ጫፍ የአዴ ሐሊማ ሴት ልጅ፣ እንደ እኔው አርጅታ፣ ምርኩዟን ተደግፋ ታየኛለች። አባቴ ይጉደል ያለው ውሃ ከጎደለ ስንት ዘመኑ። የወንድሜን እጅ ለቅቄ፣ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ፣ ወደ እሷ መራመድ ጀመርኩ።