ለካድሬው ያዋስኩት ዓረፍተ ነገር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ ልነግራት እያሰብኩ ሞተችብኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንዳልነግር ዋናው ሽማግሌ እኔ ነኝ። በጸሎቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን በስሙ እየጠራሁ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ "አንተ የማታውቀው የለም" ብዬ አልፋለሁ። እግዚአብሔር ማወቁና እኔ መናገሬ አንድ ነገር ነው? አይደለም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ማንም ሁን፣ ዛሬ አንተ ስማኝ።

መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፤ አለዚያ ጥፋቴ አይገባህም።

ደምሴ እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ሐዋሳ መሃል ከተማ ብስክሌት እጠግን ነበር። እጠግን ነበር ስል እንደ ማንም እንዳይመስልህ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር በብስክሌት ይሄዳል፤ የሁሉም መጨረሻ ደግሞ የእኔ ሱቅ ነው። የተጣመመ ቸርኬ ሽቦውን በጣቴ እየነካሁ፣ ድምፁን በጆሮዬ እየሰማሁ አቃናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንግሊዝኛን ከራዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ለቅሜዋለሁ። መጽሐፍ ቅዱስንማ ከዳር እስከ ዳር እየደጋገምኩ አንብቤዋለሁ። በክርክር የረታኝ ሰው አልነበረም። ይህን ስናገር አላፍርም፤ የማፍርበት ሌላ አለኝ።

የጸሎት ቤታችን ታሽጎ መጽሐፎቻችን በተወሰዱ ጊዜ መላ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ አማኝ አንድ ምዕራፍ በቃሉ እንዲይዝ አደረግሁ። ልደት ወይም ለቅሶ አስመስለን በየቤቱ ስንሰበሰብ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ ይነሣና ምዕራፉን ይላል፣ ሌላው ይቀጥላል። በኋላማ ሰዉን በምዕራፉ መጥራት ለመድን። "ሮሜ ስምንት ታሟል አሉ፤ እንጠይቀው" እንባባል ነበር። የሚሰማን ሰው ምን ይገባዋል?

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ላቲሶ ነው። ከሲዳማ ገጠር መጥቶ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አትክልተኛ ሆኖ ተቀጠረ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩትም በዮሐንስ ወንጌል ነው። የእሱ ምዕራፍ ጌታ በገዥው ፊት ቆሞ ስለ እውነት የሚጠየቅበት ነበር። ቀስ እያለ፣ አበባ የሚያጠጣ ይመስል ለእያንዳንዷ ቃል የድርሻዋን እየሰጠ ሲለው ሁላችንም እንረጋጋለን። እኔም "የእኔ ተማሪ ነው" እያልኩ እኮራበታለሁ።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ካድሬ ካቴናዋ የተበጠሰ ብስክሌቱን እየገፋ ሱቄ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የቀመሰ ወጣት ነው። በርጩማ ላይ ተቀመጠና፣

"ጋሼ ደምሴ፣ የእርስዎ ሰዎች አስቸገሩኝ እኮ" አለኝ።

"የትኞቹ? ብስክሌቶቹ?"

ሳቀ። "ይተዉ እንጂ! እርስዎ የገባዎት ሰው ነዎት። ካዱ ስላቸው አይክዱም። ሳስራቸው ይዘምራሉ። ከላይ ደግሞ ሪፖርት አምጣ ይሉኛል።"

የገባዎት ሰው! ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው፣ ትምህርት ቤት ደጅ ያልደረስኩትን እኔን፣ የገባዎት ሰው አለኝ። መፍቻዬን አስቀመጥኩ። ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ካቴናውን ቀጥዬ ብሸኘው ምን ነበረበት?

"ስህተቱ የአንተ ነው" አልኩት። "ካድ ያልከው ሰው ሰማዕት ይሆንብሃል። 'ይህ ለእኔ እውነት ነው፤ ሌላውም የራሱ እውነት አለው' በሉ ብቻ በላቸው። ይህን ማን እምቢ ይላል?"

"እኛ ግን ሳይንስ ነው የያዝነው፤ የሁሉንም እውነት መቀበል አንችልም።"

"ሳይንስህን ለራስህ ያዝ። እነሱ ይበሉት እንጂ አንተ በል አልተባልክም።"

"ቢሉስ ምን ይጠቅመኛል?"

እዚህ ላይ ነው አንባቢዬ። እዚህ ላይ የምናገረውን አውቅ ነበር። "ለእኔ ብቻ ነው ያለ ሰው ለጎረቤቱ ምን ይሰብካል?" አልኩት።

ካድሬው፣ "እርስዎ መማር ነበረብዎት" አለ። ያን ቀን ካቴናውን ስገጥም እዘፍን ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ የውይይት ክበብ ተጠራ። አለመምጣት አይቻልም። ካድሬው እኛን በፊት ወንበር አስቀመጠና ዓረፍተ ነገሬን እንደ ራሱ አድርጎ አቀረበ፤ ያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ያላለ ይቆያል። መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ተነሥቼ አልኩት። አሳምሬ አልኩት። አዳራሹ አጨበጨበ። የቀሩት እኔን አይተው፣ ጋሼ ደምሴ ካለው ነውር የለውም ብለው፣ አንድ በአንድ አሉት። ከላቲሶ በስተቀር።

"ጋሼ ያሉትን በል" አለው ካድሬው።

"ሰማሁ" አለ ላቲሶ። "ግን እንዴት ይሆናል? ሐይቁ እዚያ አለ። ለእኔ አለ፣ ለእርስዎ የለም ይባላል? የለም ብሎ የገባ ሰው ይሰምጣል።"

"ጴንጤ ዋናም ማስተማር ጀመረ!" አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ላቲሶ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? ይንገሩልኝ እንጂ።"

ግሪስ የገባበትን ጥፍሬን አየሁ። ከዚያ ምን አልኩ? "ላቲሶ፣ አማርኛው ስላልገባህ ነው። ዝም ብለህ በለውና ወደ ሚስትህ ሂድ" አልኩት። ሚስቱ ማርታ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። ሰዉ እንደገና ሳቀ።

"አማርኛው ገብቶኛል" አለ። "ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

ወሰዱት። ልጁ እሱ እስር ቤት እያለ ተወለደች። እዚያ ከደረሰበት ድብደባ የተነሣ አንድ ጆሮው እስከ ዛሬ አይሰማም። ሲፈታም ሆቴሉ ወደ ሥራው አልመለሰውም።

የእኛስ ጉባኤ? ማንም አልበተነንም። ካድሬው ከዚያ በኋላ ዞር ብሎም አላየንም፤ ማየት አላስፈለገውም። እንሰበሰባለን፣ ምዕራፎቹ በአፋችን አሉ፣ የሚነሣ ግን ጠፋ። አዲስ ሰው ይዞ የሚመጣም ጠፋ። ለእኔ ብቻ የሆነውን ነገር ለማን ልንገር? ቤት ውስጥ ተቀምጠን እንተያይና እንለያያለን።

ፈርቼ ነው? ፍርሃት ቢሆን አንተም ይቅር ትለኝ ነበር፤ ያኔ ያልፈራ አልነበረም። እኔ ግን አልፈራሁም። ካድሬው ይወደኝ ነበር። ሰዎችን ከእስር ላድን ብዬ ነው? ለራሴ ብዙ ዓመት እንዲህ ብያለሁ። ውሸት ነው። የገባው ሰው መባል አምሮኝ ነው። እኔ፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የማውቀው፣ ለአንድ ሙገሳ ብዬ መጽሐፉን አሳነስኩት።

ላቲሶ በተፈታ ሰሞን ሱቄ መጣ። ሊወቅሰኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጄን ያዘና "ያን ቀን ሊያተርፉኝ ፈልገው ነበር፤ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ማንም አያውቅም። እኔስ ምን አልኩ? "ምን ማለትህ ነው፣ ወንድሜ አይደለህ?" አልኩት። ምስጋናውን ተቀበልኩ። አንድ ጊዜ አሳሰርኩት፤ ያን ቀን ደግሞ ዘረፍኩት።

ደርግ ወደቀ፣ የጸሎት ቤታችን ተከፈተ፣ እኔም ሽማግሌ ሆንኩ። በበዓል ቀን ስሜ ሲነሣ "በክፉ ዘመን ጉባኤውን በጥበቡ ያተረፈ" ይባላል። እኔም እጅ ነሥቼ እቀበላለሁ።

ባለፈው እሑድ ወጣቶቹን ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጨዋ ልጅ ናት። "አባባ፣ ይሄ ለእርስዎ እውነት ነው፤ እናከብረዋለን። ለሌላው ሰው ግን የራሱ እውነት ይኖረዋል" አለች። ጓደኞቿ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚያስገድዳቸው ካድሬ የለም፤ እንደ ደግ ነገር፣ እንደ ትሕትና አድርገው ይሉታል። መልስ አጣሁ እንዳትል፤ መልስ ሞልቶኛል። ነገር ግን በልጅቷ አፍ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ላቲሶ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ደህናውን ጆሮውን ወደ እኔ አዞረና "ምን አለች?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት።

ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የሚመጣው እሑድም ተራው የእኔ ነው። ላቲሶን ደህናው ጆሮው ወደ እኔ እንዲሆን አስቀምጬ፣ በወጣቶቹ ፊት ይህንኑ እናገራለሁ። ንግግር አያቅተኝም፤ በዚህች ከተማ እንደ እኔ የሚናገር የለም። ቃሉ እውነት ነው ብዬ እጀምራለሁ፤ ላቲሶ በታሰረበት ቀንም እውነት ነበር፣ እኔ በሸጥኩት ቀንም እውነት ነበር።

ይቅር ቢለኝ ደስ ይለኛል። ባይለኝ መብቱ ነው። ሕዝቡ ያደረግሁትን ጥበብ ይለዋል፤ እኔም "ለእነሱ ጥበብ ነው፣ ለእኔ በደል" ብዬ በሰላም ልሞት እችል ነበር። ያ መሸሸጊያ የተሠራው በእኔ እጅ ነው፤ አልገባበትም። በደል ነበር። ለእኔም፣ ለእነሱም፣ ለላቲሶም፣ በእግዚአብሔርም ፊት በደል ነበር።