የቅሌ እርጎ የማን ዘር ነው

የሰፈራችን ልጆች «ያን የእርጎውን ነገር ንገሪን፣ እኛ እንጽፈዋለን» ብለው ያዙኝ። እሺ፣ ልንገራችሁ።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ልጄ ቤት እከርምና ደግሞ ወሎ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ስሄድ የእናቴን የእርጎ ቅል ለልጄ አደራ እላለሁ፤ «ጥቂት አሮጌ እርጎ ሳታስቀሪ አዲስ ወተት እንዳትጨምሪ!»

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ለመመረቂያዋ እርጎ የሚያረጋውን የባክቴሪያ ዘር ልትቆጥር ተነሳች። ከሦስት ቦታ እርጎ ወሰደች፤ ከእኔ ቅል፣ ከአጥር ጎረቤታችን፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለች ወተት ሻጭ።

«ደግሞ ባክቴሪያ ዘሩ በምን ይታወቃል?» ብዬ ሳቅሁባት።

«ዓባየይ» አለችኝ፣ በትግርኛ አያቴ ማለቷ ነው፤ «ፕሮቲኑ እንደ ዶቃ በተራ የተሰካ ነው። ተራው ከተመሳሰለ ቅርብ ዘመድ፣ ከተለያየ ሩቅ።»

እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው መሆኑ ነው። ገባኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ላፕቶፑን ስትከፍተው ቅርንጫፍ የበዛበት ሥዕል አየሁ። «የአንቺና የጎረቤታችን አንድ ነው። አንድ ዶቃ እንኳ አይለይም። መምህሬ ናሙና ቀላቅለሻል አለኝ።»

ክው አልኩ። ያቺ ጎረቤት! በጎርፍ መውረጃ ከተጣላን ወዲህ ሰላምታ የለንም። እርጎዋንማ «ውሃ ነው» እያልኩ ሰፈሩን አስቄበታለሁ።

«በማርያም! የእኔ ከወሎ ይዤው የመጣሁት የእናቴ እርጎ ነው። ከእሷ ጋር ጠብታ አልተነካካም!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንዴ! ቅሌን አላውቀውም?»

ልጄ ጓዳ ሆና ድስት ትፈትግ ነበር። የጠራውን ድስት ደግማ ፈተገችው።

የልጅ ልጄ መሐላዬን አመነች። ስሕተቱ የራሴ ነው ብላ ሥራውን ጣለችና ከሀ ጀመረች። ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሁለተኛው ውጤትም ያው ሆነ። መምህሯ ያኔ ተቀበላት፤ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። እኔ ግን ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

ዓመታት ካለፉ በኋላ ልጄ እግሬን እያጠበችኝ ቀና ሳትል ነገረችኝ። «እማዬ፣ ከዚያ ምርመራ በፊት አንድ ክረምት ወሎ ሳለሽ እርጎው ሻገተብኝ። ፈራሁሽ። ቅሉን አጥቤ ከጎረቤቷ ለእርሾ አንድ ስኒ እርጎ ለመንኩ።»

ያቺ የተጣላኋት ሴት ስኒውን ሞልታ ስትሰጣት «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች» ብላት ኖሯል።