ሰላምታ በኋላ

ሐዋሳ፣ ፒያሳ ከሚገኘው ቢሯችን ሰገነት ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ሽማግሌ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ከታች የሚቆሙት ባለባጃጆች ጤንነቴን ተጠራጥረው ነበር። አልፈርድባቸውም። አንድ ጡረተኛ በጠራራ ፀሐይ ወንበር አውጥቶ፣ ጡብ የሚያህል ስልክ ወደ ሰማይ ደግኖ ሲያዩት ሌላ ምን ይበሉ? የሳተላይት ስልክ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ጣሪያ አይወድም፣ ሰማይ ካላየ አይናገርም። ፊት ለፊቴ ካለው ምሰሶ ላይ የሚውለው ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳም እንደኔው መላጣ ነው፤ እንደኔው ቀኑን ሙሉ ሩቅ ሩቁን ያያል። ልዩነታችን እኔ መዝገብ መያዜ ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የገጠር ውሃ ያጠናል። ቡድኖቹ የተራ ስልክ ኔትወርክ የማይደርስበት ተራራና ሸለቆ እየገቡ ምንጭ ይለካሉ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የሳተላይት ስልክ ይዞ ይወጣል። ስልኩ በየአሥር ደቂቃው ያለበትን ቦታ ይልካል፤ ያም እኔ ፊት ባለው ላፕቶፕ ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። በቀን ሦስት ጊዜ ደግሞ ይደውላሉ፤ የተባለውን እጽፋለሁ። ስልኩ ጎማ የለበሰ፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ወንዝ ቢገባ የማይሞት ዕቃ ነው። ጠባቂው ግን እንደዚያ ሆኖ አልተሠራም። ባለፈው ክረምት ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ከሰገነቱ ደረጃ ተንከባለልኩ። ስልኩን ጭረት እንኳ አልነካውም። የእኔ ቀኝ ጉልበት ግን እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከአየር ትንበያው ቀድሞ ይናገራል።

ለዚህ ሥራ የተፈለግኩት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሬዲዮ መገናኛ ላይ ስለሆነ ነው። በሬዲዮ ሰው የሚያወራው ቁጥብ ቁጥብ አድርጎ ነው፤ ተሰማኝ፣ ደረሰኝ፣ ጨረስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ሳልናገር ያስቀረሁትን ቃል ለካ ለጡረታዬ ሳጠራቅም ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ምስክር ናት። «አንተን የቀጠሩህ ቀን ያረፍኩት እኔ ነኝ» ትላለች።

አሁን የማወጋችሁን ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ አስቀድሜ ልናገር። የአንዱ ቡድን ሾፌር ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ደርሶ፣ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ እጥፍጥፍ ብሎ ተኝቶ ሳለ፣ እኔ በዚያው ስልክ ስለ ጉልበቴ እያወራሁ ነበር።

ሾፌሩ የሲዳማ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ቀልደኛ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር። ከነወንበሬ አይቶኝ «ጋሼ ሳተላይት» ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። የቡድኑ መሪ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም ያልቆየች፣ አገሯ ወደ ሰሜን የሆነ ጂኦሎጂስት ናት። ከነሱ ሌላ ምንጩን የሚለካ አንድ ዝምተኛ ባለሙያ አለ። ልጅቱ የመጀመሪያ ቀን ስትደውል ያለችኝ ይኸው ብቻ ነበር፦ «አባባ፣ ሦስተኛው ምንጭ ጋ ነን፣ ሦስታችንም ደህና፣ ቻው።» ዘጋችው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ቀረሁ። ሲመለሱ ሰገነቱ ድረስ አስጠራኋት።

«ልጄ፣ ለግንድ ነው እንዴ የደወልሽው?»

«ምን አጠፋሁ አባባ?»

«እንደምን አደሩ የሚባለው የት ሄደ?»

«ሸለቆ ውስጥ ሰማዩ ጠባብ ነው እኮ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መስመሩ ይቆረጣል።»

«ቢቆረጥ ሰላምታው ላይ ይቆረጥ! ሰላም ያላሉትን ሰው ወሬ ምን ያደርግለታል?»

አብሯት የወጣው ሾፌር ክርኗን ነካ አደረጋት። «እሺ በያቸው። ጋሼ ሳተላይት ከተቀየሙ ሰማዩን ይዘጉብናል።»

ከዚያ ወዲህ እንደ ወጉ ሰላም ትለኝ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሰማና አንድ ወረቀት አትሞ ለሁላችን አደለ፤ መጀመሪያ ችግር፣ ቀጥሎ ቦታ፣ ሰላምታ በኋላ ይላል። የመጨረሻ ልጄን የሚያህል ሰው የንግግር ሥርዓት ሊያስተምረኝ መነሣቱ ደስ አላለኝም። ወረቀቷን አጥፌ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረግኳት።

ያን ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደወለች። ደመናው ሐይቁ ላይ ተኝቷል፤ ጉልበቴ ሲናገር ነው ያደረው።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነዎት?»

«ደህና። ብርዱስ እንዴት ነው እዚያ?»

«ይበርዳል። ጉልበትዎ ተሻለዎት?»

እዚህ ላይ «ተሽሎኛል» ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን ስለ ጉልበቴ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ሰንብቼ ነበር። ቤት ውስጥ ርዕሱ ከተዘጋ ቆይቷል። እናም ሌሊቱን እንዴት እንደጠዘጠዘኝ፣ የምቀባው ቅባት ሽታው ባለቤቴን እንዴት ከአልጋ እንዳስነሣት፣ ደረጃ ስወጣ የትኛው ላይ ቆሜ እንደማርፍ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። መሐል ላይ ሁለት ጊዜ «አባባ…» ብላ ነበር። እያዘነችልኝ መስሎኝ ጨመርኩላት። ሽማግሌ እንደማይቋረጥ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ ጎበዝ ተማሪ ናት።

በመጨረሻ ትዝ አለኝና «እናንተስ፣ ሁላችሁ ደህና?» አልኩ።

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ፣ ግን…»

ተቆረጠ።

እንግዲህ በአገራችን «ደህና ነን» ወሬ አይደለም፣ የወሬ በር ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ነው የሚለው። ወሬው ያለው ከ«ግን» ወዲያ ነው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። መልሼ ደወልኩ፣ አልገባም። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አነሣሁና መዝገቡ ላይ «አራት ሰዓት፤ ሁሉም ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ በደረጃው ብቅ አለ። «ጋሼ፣ የላይኞቹ ምን አሉ?»

«ደህና ናቸው።»

«ሌላ ነገር የለም?»

«የለም።»

«ግን ብላለች» ብዬ ብነግረው፣ «ከዚያ በፊት ምን ስታወሩ ነበር?» ይለኛል። መልሱ ጉልበት ነው። ያን መናገር አቃተኝ። እሱ ደህንነታቸውን ሲሰማ፣ ለክፉ ቀን ተብላ ግቢ የምትቆመውን ሁለተኛዋን መኪና በሌላ መንገድ ዕቃ እንድታደርስ ለቀቃት።

ነጥቡን ማየት ጀመርኩ። አይነቃነቅም። ቁርስ እየበሉ ነው አልኩ። ዝናብ ይዟቸው ነው አልኩ። ጎማ ተንፍሶባቸው ይሆናል አልኩ። ምክንያት የማያልቅብኝ ሰው ነኝ፤ ዝም ቢሉኝ እስከ ማታ እዚያው አቆማቸው ነበር። በኋላ ነጥቡ ተንቀሳቀሰና ደስ አለኝ። ደስታዬ አሥር ደቂቃ ቆየ። የሄደው በመንገዱ አይደለም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ነው፣ ያውም ጥቂት፣ እግረኛ የሚሄደውን ያህል። መኪና በዚያ አይወጣም። ስልኩ ደግሞ ከመኪናው እንዳይርቅ ደንብ አለ። አንድ ሰው ስልኩን ይዞ፣ ሰማይ ፍለጋ በእግሩ ተራራ እየወጣ ነበር። ለሰላምታ ብሎ ተራራ የሚወጣ የለም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ጉልበቴ ያን ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ግን ብላለች» አልኩት ሥራ አስኪያጁን።

«ማን?»

«ልጅቱ። ደህና ነን፣ ግን፣ ብላ ተቆረጠ።»

«መቼ?»

«አራት ሰዓት ላይ።»

ሰዓቱን አየ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ደቂቃውን የጨረስኩት ስለ ጉልበቴ ሳወራ ነው። አፈርኩ።»

ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ለሁለተኛዋ መኪና ሾፌር ደወለ። እግዚአብሔር ለሞኝ ያዝናል፤ ሰውየው ገና ከከተማ አልወጣም፣ ጉዱማሌ መናፈሻ አጠገብ ጎማ እያስነፋ ነበር። «ዕቃውን ተወውና ወደ ላይ ውጣ፤ ምን እንደገጠማቸው አላወቅንም» አለው።

ሰገነቱ ላይ ተመለስኩ። ዝናቡ ጀመረ። ጃንጥላውን ለላፕቶፑ ሰጠሁት። አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ድምፅ አልነበረም፣ የጽሑፍ መልእክት ነው፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል የጻፈችው። «ሾፌሩ በጠና ታሟል። ቀኝ ሆዱን። ከንጋት ጀምሮ እየባሰበት ነው። ሌላ የሚነዳ የለም። ትናንት ያደርንበት ነን። መኪና ላኩ። ሰላምታ በኋላ።»

የወረቀቷ ቃል ናት። እኔ ሻይ ሳስቀምጥባት እሷ አንብባታለች። «መኪናው ተነሥቷል» ብዬ ጻፍኩላት። ሌላ አልጨመርኩም።

መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ሐዋሳ ሆስፒታል አደረሰው፤ ወዲያው ለቀዶ ሕክምና አስገቡት። ሐኪሙ ሲወጣ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ያቺ ትንሽ የማን እንደነበረች እኔ አውቃለሁ። በማግስቱ መዝገቡን ገልጬ «ሁሉም ደህና» የሚለውን ልሰርዝ ስል፣ ሥራ አስኪያጁ እንዳልሰርዝ ከለከለኝ። «ይቆይ፤ ከሥሩ እውነቱን ይጻፉ» አለ። ጻፍኩ፣ ጉልበቱን ጨምሬ። ወረቀቷንም የብርጭቆውን ክብ እንደታተመባት ከወንበሬ በላይ ለጠፍኳት።

በሁለተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ ነበር፤ በሩ ላይ ነርሷ «ሆዱ ለተከፈተ ሰው?» ብላ ወሰደችብኝ። ልጅቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«እንደምን ዋልክ?» አልኩት።

ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አነበነበው። «ችግር፣ ቀኝ ሆዴ ተሰፍቷል፣ ያመኛል። ቦታ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ። እንደምን ዋሉ ጋሼ ሳተላይት?»

ልጅቱ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች።

«ቆይ እስኪ» አልኩ፣ ይቅርታዬን ከየት እንደምጀምር ቸግሮኝ፤ «ለአደጋ የተሠራው ቀይ ቁልፍ አለ አይደል ስልኩ ላይ? ለምን አልተጫናችሁትም?»

«ልትጫን ነበር፣ እኔ ከለከልኳት» አለ ሾፌሩ። «ጋሼ ለሞት ካልሆነ እንዳትነኩት ብለዋል፣ እኔ ደግሞ ጌታ ይመስገን አልሞትኩም አልኳት። ስትደውልም መጀመሪያ ሰላም በያቸው፣ ይቀየማሉ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ካስተማርኳቸው ሁሉ አንድም አልረሱም።

«አጥፍቻለሁ» አልኩት። «አንተ እንደዚያ ሆነህ እኔ…»

«ሰምቻለሁ እኮ! እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር የምታወራው፤ ያ ስልክ ደግሞ ድምፁ ትልቅ ነው። ቅባቱንም ሰማሁ፣ ደረጃውንም ሰማሁ። ሆዴን ይዤ ለጉልበትዎ ጸለይኩ።»

ወደ እኔ ዞረ፤ ቀልዱን ከፊቱ ላይ አንሥቶት ነበር።

«እውነቴን ነው። አሁን እንዴት ነው ጉልበትዎ?»

ሁለቱም ጠበቁኝ። ያደርኩበትን ሁሉ ላወራው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ አዲስ ቅባት ጀምሬያለሁ፣ ወሬው ብዙ ነው።

«ቀኙ ነው» አልኩ። «ያመኛል። ጨረስኩ።»

«አያስቁኝ ጋሼ!» አለ ሾፌሩ ጎኑን በሁለት እጁ ይዞ። «ስፌቱ! ስፌቱ!»